ሉፐስ ባለበት ቤት ትኩሳት ሲገባ

ስለዚህ በሽታ ጥቂት ለመጻፍ ያነሣሣኝ የራሴ ጥፋት ነው። ታላቅ እኅቴ ሉፐስ የሚባል በሽታ አለባት። ባለፈው ዓመት በሰኔ ከትምህርት ቤት ጉንፋን ይዤ ገባሁና እንደ ወትሮው በአንድ ትሪ በላን። በአራተኛው ቀን እትዬን ትኩሳት ያዛት። «ያው በሽታዋ ተነሥቶባት ነው» ብለን ሁለት ቀን በቤት አስተኛናት። እኔም አዋቂ መስዬ፣ ቀድሞ ሲብስባት ሐኪም ያዘዘላትን አስታውሼ፣ የፕሬድኒሶሎኑን ኪኒን እንድትጨምር መከርኋት፤ ጨመረችም። ሐኪም ዘንድ ስትደርስ የያዛት የሳንባ ምች ሆኖ ተገኘ።

ለምን እንደተሳሳትን ሐኪሙ ሲያስረዳን የሰማሁትን፣ በኋላም ያነበብሁትን ልግለጽ። ሰውነታችን ተሕዋስያንን የሚዋጋበት የራሱ ሠራዊት አለው። በሉፐስ ጊዜ ይህ ሠራዊት ወገንን ከጠላት መለየት ይሳነውና ቆዳን፣ መገጣጠሚያን፣ ኩላሊትን ይወጋል። ከዐሥር ሕመምተኞች ዘጠኙ ያህል ሴቶች ናቸው። ፕሬድኒሶሎን፣ አዛታዮፕሪንና የመሳሰሉት መድኃኒቶች የሚሰጡት ያንን ሠራዊት ለማብረድ ነው። ሠራዊቱ ሲደክም ግን እውነተኛው ጠላት መንገድ ያገኛል፤ የሳንባ ምች፣ የሽንት ቧንቧ ሕመም፣ አልማዝ ባለጭራ፣ ተደብቆ የኖረ የሳንባ ነቀርሳም ሳይቀር ሊነሣ ይችላል።

አስቸጋሪው ነገር እዚህ ላይ ነው። ሉፐስ ራሱ ሲነሣ ያተኩሳል፤ ተሕዋስያን ሲገቡም ያተኩሳል። ለመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ፕሬድኒሶሎን ይጨመራል፤ ለሁለተኛው ግን ያለ ሐኪም መጨመር ለጠላት በር መክፈት ነው። ሁለቱን የሚለየው የደምና የሽንት ምርመራ፣ ራጅም ነው እንጂ ግንባር መዳሰስ አይደለም። ይባስ ብሎ ፕሬድኒሶሎን ትኩሳቱን ራሱን ሊሸፍነው ይችላል። ስለዚህ ሙቀቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ወይም ብርድ ብርድ ካላት፣ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ፈርቶ ኪኒኑን በድንገት ማቋረጥም ሌላ አደጋ አለው፤ ፕሬድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰውነት ያንኑ የሚመስለውን የራሱን ሆርሞን መሥራት ይተዋልና። ሐኪም ዘንድ ሲደርሱም «ሉፐስ አለብኝ» ብሎ አስቀድሞ መናገር ይገባል፤ ለብዙ ሕመም የሚታዘዘው ኮትሪሞክሳዞል ሰልፋ ስላለበት ሉፐስን ሊቀሰቅስ ይችላል።

አያቴ «ክትባት የሚባል አይንካት» ይላሉ። እኩሌታው እውነት ነው። እንደ ኩፍኝና ቢጫ ወባ ያሉት ክትባቶች የተዳከመ ሆኖም ሕያው የሆነ ተሕዋስ ስላለባቸው፣ ሠራዊቱን በብርቱ የሚያደክም መድኃኒት ለሚወስድ ሰው አይሰጡም። የኢንፍሉዌንዛና የሳንባ ምች መከላከያ መርፌዎች ግን ሕያው ነገር የለባቸውም፤ እንዲያውም ለእንደ እርስዋ ላሉት ይመከራሉ። እትዬ በሐኪም ምክር ሁለቱንም ተከትባለች።

በቤታችን የተለወጠው ትንሽ ነው። ሳል የያዘው ሰው ለብቻው ይበላል፣ ለብቻው ይተኛል። ከውጭ የገባ ሁሉ ሳይስማት በፊት እጁን በሳሙና ይታጠባል። ወተት ሳይፈላ አይጠጣም። የከበደን የፋሲካው ጉዳይ ነበር፤ ጥሬ ሥጋና ለብለብ ለእርስዋ ቀርቶ፣ ዘንድሮ ክትፎዋ ደኅና አድርጎ በስሎ ቀረበላት። «ይህማ ጥብስ ነው እንጂ ክትፎ አይባልም» ብላ አኮረፈች፤ ኋላ ግን ሳሕኑን ባዶ አደረገችው።