ቀዩ ጫማና የአፍደም አድማጮች

ከድሬዳዋ በስተምዕራብ፣ በባቡሩ መሥመር ላይ ባለችው በአፍደም የቀትሩ ፀሐይ ሲበረታ ሥራ ያለውም የሌለውም ከሻይ ቤት ጥላ ሥር ይሰበሰባል። እኛም በቅርቡ በዚያ ተቀምጠን ሳለን አንድ ወጣት መምህር ስለ ታወቁ የፊልም ዕቃዎች የሚናገር ፖድካስት በስልኩ ከፍቶ፣ ትረካው በእንግሊዝኛ ነበርና እያቋረጠ በሶማልኛና በአማርኛ ይተረጕም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1931 ዓ.ም. በወጣው «ዘ ዊዛርድ ኦቭ ኦዝ» በተባለው የአሜሪካ ፊልም ጁዲ ጋርላንድ ከተጫማቻቸው ቀያይ ጫማዎች አንዱ ጥንድ በ1997 ዓ.ም. ሚኒሶታ ውስጥ ካለ ቤተ መዘክር ተሰረቀ። ሌባው ፊልሙን አይቶት አያውቅም፤ በጫማው ላይ ያለው ፈርጥ እውነተኛ ዕንቍ መስሎት ነበር። ብርጭቆና ጨሌ መሆኑን ሲሰማ ከእጁ አወጣው። ጫማው በ2010 ዓ.ም. ተገኘ፤ በ2017 ዓ.ም. በሐራጅ 28 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። የአጫራቹ ድርሻ ሲጨመርበት 32.5 ሚሊዮን ደረሰ።

ያን ጊዜ ሳቅ ሆነ። አንዱ ጐረምሳ ስንት ግመል እንደሚገዛ በጣቱ ይቈጥር ጀመር። አንዲት የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ግን ለሌባው ተከራከረችለት፤ «ጫማውን አየ እንጂ ልጅቱን አላየ፤ ታዲያ ዋጋውን በምን ይወቀው?» አለች።

መምህሩም ወደ እኛ ዞሮ የኢትዮጵያስ ፊልም ምን ዕቃ አስቀርቷል ሲል ጠየቀን። ዩኒቨርሲቲ መዋላችንን ለማሳየት ቸኰልንና የመጀመሪያው ረዥም የአማርኛ ፊልም በ1957 ዓ.ም. የታየው «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» መሆኑን አስረዳን። «አይታችሁታል?» አለን። አላየነውም። ከጥላው ሥር ከነበርነው አንድም ያየው አልተገኘም።

ከጥግ ተቀምጠው ዝም ብለው ይሰሙ የነበሩ፣ በቀድሞው ባቡር ያገለገሉ ሽማግሌ በከዘራቸው ወደ መደርደሪያው አመለከቱ። ባለቤቲቱ ስኳር የምታኖርበት ክብ ቆርቆሮ የፊልም ማኖሪያ ነበር፤ ባዶውን ከጣቢያው አጠገብ ተጥሎ አግኝተው የሰጧት እርሳቸው ናቸው።

«አዴር፣ የምን ፊልም ነበረበት?» አለ መምህሩ።

እርሳቸውም አላወቁም። ክዳኑን ተቀብለን አገላበጥነው፤ የተለጠፈበት ወረቀት ተልጦ የሙጫው ምልክት ብቻ ቀርቷል። ግመል ቈጣሪው ጐረምሳ በመቶ ብር ልግዛው ቢላት ባለቤቲቱ፣

«28 ሚሊዮን ካላመጣህ ስኳሬን የት ላድርገው?» ብላ ክዳኑን ከእጃችን ወሰደችው።