አንድ ኖታ፣ አንድ ሌሊት

ማርች 13 ቀን 1781 ምሽት በእንግሊዟ ባዝ ከተማ አንድ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋች በገዛ እጁ በሠራው ቴሌስኮፕ ከጓሮው ሆኖ ሰማዩን ሲቃኝ፣ እንደ ከዋክብቱ ነጥብ ሳይሆን ትንሽ ድቡልቡል የሆነ ነገር አየ። መጀመሪያ ጅራታም ኮከብ መሰለው። ኋላ ዛሬ ዩራነስ የምንለው ፕላኔት ሆኖ ተገኘ። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሰውየው ዊልያም ኸርሸል ነበር፤ በሃኖቨር ተወልዶ እንደ አባቱ በወታደር ባንድ ኦቦ ሲነፋ ያደገ፣ 24 ሲምፎኒዎችን የጻፈ ሙዚቀኛ። እህቱ ካሮላይን እሱ በሚመራቸው ኮንሰርቶች ትዘፍን ነበር። የቴሌስኮፕ መስተዋት ሲያለሰልስ እጁን ከሥራው ማንሣት ስለማይችል እሷ ምግቡን ታጎርሰው እንደነበር በማስታወሻዋ ጽፋለች። ውሎ አድሮ እሷም 8 ጅራታም ከዋክብትን አገኘች።

የኸርሸልን ሁለት ፍቅር ዛሬ በአንድ ሌሊት ማስኬድ ይቻላል። አማተሩ የሰማይ ፎቶ አንሺ ካሜራውን ከቴሌስኮፑ ጋር አገናኝቶ ደጅ ይተክላል። ካሜራው 3 ወይም 5 ደቂቃ ብርሃን ይሰበስባል፣ ፎቶውን ያስቀምጣል፣ ደግሞ ይጀምራል፤ እስኪነጋ እንዲሁ ነው። በዚህ ሁሉ ሰዓት የባለቤቱ ሥራ ጥቂት ነው። ብርዱን ሸሽቶ ቤት ይገባል፣ የጆሮ ማዳመጫውን አድርጎ ኪቦርዱ ፊት ይቀመጣል፣ ደጅ እየተነሣ ላለው ሰማይ የሚሆን ሙዚቃ ይጽፋል፤ አንድም ተጫዋች ሳይቀጥር ለ80 ሰው ኦርኬስትራ። ሁለቱን ጥበቦች ያጋባቸው ይህ የመጠበቅ ሰዓት ይመስለኛል።

ምናባዊ ኦርኬስትራ ሲባል ብዙዎቻችን ከካሴት ዘመን የምናውቀውን የኪቦርድ «ስትሪንግስ» ድምፅ እናስባለን። ይሄኛው ሌላ ነው። ድምፁ የእውነተኛ ሰዎች፣ የእውነተኛ ቫዮሊንና ቼሎ ድምፅ ነው፤ ብቻ በብጥስጣሽ ተቀድቶ የተቀመጠ። ሐሳቡ ራሱ አሮጌ ነው። በ1963 በእንግሊዝ የወጣው ሜሎትሮን የተባለ ኪቦርድ ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር እስከ 8 ሰከንድ የሚጫወት ቴፕ ነበረው። ሥራውን እስከ ጥግ ከወሰዱት አንዱ ግን በ2000 የተመሠረተው ቪየና ሲምፎኒክ ላይብረሪ ነው፤ መሥራቹ ኸርብ ቱትስማንድል ራሱ የቼሎ ተጫዋች ነበር። ሙዚቀኛው ስቱዲዮ ገብቶ አንድ ኖታ ይጫወታል። በለሆሳስ፣ ጠንከር አድርጎ፣ በሙሉ ኃይሉ። ከዚያ ያንኑ ኖታ በረጅሙ ስቦ፣ በአጭሩ ቆርጦ፣ ቀስቱን ትቶ ክሩን በጣቱ ነክቶ። ከዚያ ቀጣዩን ኖታ። ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው የሚደረገው መሸጋገሪያ እንኳ ለብቻው ይቀዳል። ማንም የማያጨበጭብለት፣ ዜማ የሌለው፣ ቀናትን የሚበላ ልፋት ነው፤ በዓለም ዙሪያ ባሉ ትንንሽ ክፍሎች የሚጻፈው ሙዚቃ ሁሉ ግን በዚያ ላይ ቆሟል።

እነዚህን ቅጂዎች የሚያዛቸው ቋንቋ በ1983 ይፋ የሆነው ሚዲ ነው። የትኛው ቁልፍ፣ በምን ኃይል፣ መቼ ተነካ የሚለውን ይናገራል፤ ለኃይሉም ከ0 እስከ 127 ያሉ 128 ደረጃዎች ብቻ አሉት። ጀማሪ ቀኝ እጁን ብቻ ይጠቀማል። የለመደው ሰው ግራ እጁ ከኪቦርዱ ጫፍ ካለችው ትንሽ መንኮራኩር አይለይም፤ በእሷ ድምፁን ያሳድጋል፣ ያለዝባል፣ ቀስቱ ክሩ ላይ ሲከብድና ሲቀል የሚሰማውን እንዲሰማ ያደርጋል። ሌላም ጣጣ አለ። ተሳስረው የሚጫወቱ የክር ድምፆች ከመሸጋገሪያቸው ጋር ስለተቀዱ ዘግይተው ይደርሳሉ። ስለዚህ ኖታውን ከምቱ ቀደም አድርጎ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ከሁሉ የሚረሳው ደግሞ ትንፋሽ ነው። ኮምፒዩተሩ ዋሽንቱን 2 ደቂቃ ሙሉ ያለ ዕረፍት ሊነፋልህ ይችላል። አድማጭ ምክንያቱን ባያውቀውም ደረቱ ላይ ይጨንቀዋል፤ ሰው እንዲያ እንደማይተነፍስ ሰውነቱ ያውቃልና።

ደጅ ያለው ካሜራ የሚታገለው ከሌላ ነገር ጋር ነው። ምድር በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ትሽከረከራለች። ካሜራው ዝም ብሎ ከተተከለ ከዋክብቱ በሰከንዶች ውስጥ ነጥብነታቸውን ትተው መስመር ይሆናሉ። ስለዚህ ካሜራውን የሚሸከመው መሣሪያ በተቃራኒው አቅጣጫ፣ በዚያው ፍጥነት መዞር አለበት። በሕክምና የሠለጠነው አሜሪካዊ ሄንሪ ድሬፐር በ1880 የኦሪዮንን ኔቡላ (የጋዝና የአቧራ ደመና) ለመጀመሪያ ጊዜ ፎቶ ሲያነሣ 51 ደቂቃ ፈጅቶበታል። በ1888 የአንድሮሜዳ ጋላክሲን ጠመዝማዛ ክንዶች በፎቶ ያሳየው አይዛክ ሮበርትስም በሙያው የሕንፃ ተቋራጭ ነበር። የዛሬው አማተር ግን አንድ ረጅም ፎቶ አያነሣም። በአጭር በአጭሩ 50፣ 100፣ 200 ያነሣና ይደራርባቸዋል። ሴንሰሩ ከራሱ የሚያመነጨው የዘፈቀደ ነቁጥ በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ ቦታውን ይቀያይራል፤ ኔቡላው ቦታውን አይለቅም። 4 ፎቶ ሲደራረብ ነቁጡ በግማሽ ይቀንሳል፣ 100 ሲደራረብ ወደ አንድ ዐሥረኛ ይወርዳል። ሳተላይት አልፋ አንዱን ፎቶ ብትሰነጥቀው ሶፍትዌሩ በሌሎቹ ላይ የሌለውን ነገር ለይቶ ይጥለዋል። ሲሪልና ዲፕስካይስታከር የሚባሉት ይህንን በነፃ ይሠራሉ። ከዚህ ሌላ ክዳኑን ዘግቶ ጨለማውን ማንሣት፣ ሌንሱ ላይ ነጭ ጨርቅ ወጥሮ አቧራውንና የጠርዙን ጥላ መመዝገብም የሌሊቱ ሥራ አካል ነው።

እዚህ ላይ ነው ሁለቱ ሥራዎች አንዱ የሌላው ተገላቢጦሽ የሚሆኑት። ፎቶ አንሺው አንዱን ሰማይ 100 ጊዜ የሚያነሣው የሚለያየውን ጥሎ የማይለወጠውን ለማስቀረት ነው። የድምፅ ቀጂው ደግሞ አንዱን ኖታ በአንድ ዓይነት ኃይል 4 ወይም 5 ጊዜ የሚያስቀዳው ልዩነቱን ፈልጎ ነው። ከበሮው ወይም ቫዮሊኑ አንድ ኖታ ደጋግሞ ሲመታ ያው አንድ ቅጂ ከተመላለሰ እንደ መትረየስ ይንጣጣል። ሶፍትዌሩ ቅጂዎቹን እያፈራረቀ ሲያሰማ ግን እጅ ያለው ሰው ይሆናል። ያ የቀስት መንሻተት፣ ያ ፀጉር የምታህል የድምፅ መዛነፍ፣ በፎቶው ቢሆን ኖሮ ተጠርጎ የሚጣል ነበር። ሁለቱን አብሮ የሚሠራ ሰው የትኛው እንከን ቆሻሻ፣ የትኛው ሕይወት እንደሆነ በየሌሊቱ ሲመዝን ያድራል። ምስሉን እስኪያብለጨልጭ አጥቦ ፕላስቲክ ያደረገው አማተር ብዙ ጊዜ ኖታዎቹንም በመስመር አሰልፎ ያደረቃቸው ያው ሰው ነው።

ከኢትዮጵያ ለሚያነሣ ሰው ሰማዩ የራሱ ስጦታና የራሱ ፈተና አለው። ተሸካሚው መሣሪያ ከምድር ዘንግ ጋር መስተካከል ስላለበት በሰሜኑ ዓለም ያሉ አማተሮች የሰሜን ኮከብን ያነጣጥራሉ። አዲስ አበባ ላይ ይህ ኮከብ ከአድማሱ 9 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው ከፍ የሚለው፤ እጅን ዘርግቶ ጡጫ ቢጨብጡ ከጡጫው አይበልጥም። ከእንጦጦ ግርጌ ለሚኖር ሰው ተራራው ራሱ ሊጋርድበት ይችላል። የፍኖተ ሐሊብ ማዕከል በምሽት ከፍ የሚልበት ወቅት ደግሞ ከክረምቱ ደመና ጋር ይገጥማል። ለእሱ በመጋቢት ከሌሊቱ 10 ሰዓት መነሣት ነው። በምትኩ በሚያዝያ ምሽት በሰሜን ታላቁን ድብ፣ በደቡብ የደቡብ መስቀልን በአንድ ሰማይ ማየት ይቻላል፤ ይህን ለንደን ያለ ሰው አያገኘውም። ኦሪዮንም የሚነግሠው በጥር፣ አየሩ ጥርት ባለበት ወር፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ አናት ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ነው።

ፎቶውና ሙዚቃው ሲገናኙ ምን ይሆናል? ሰማዩ ራሱ ሙዚቃ ሰጠን እንዳይባል አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ከ2020 ጀምሮ በቻንድራ የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ ዙሪያ ያሉ ባለሙያዎች መረጃን ወደ ድምፅ ሲለውጡ ቆይተዋል፤ ድምቀቱ ጉልበት፣ በምስሉ ላይ ያለው ከፍታ የድምፁ ቅጥነት ይሆናል። በፐርሲየስ የጋላክሲ ክምችት ውስጥ ያለው ጥቁር ጉድጓድ በጋዙ ላይ የሚያስነሣው የግፊት ሞገድ በ2003 ተለክቶ ከመካከለኛው ዶ 57 ኦክታቭ በታች ያለ ኖታ ሆኖ ተገኝቷል። ጆሮ እንዲሰማው ያንን ሁሉ ከፍ ማድረግ ግድ ነበር። ያ ትርጉም ነው። አቀናባሪው የሚያደርገው ግን ምላሽ ነው፤ ሁለቱን ማምታታት ለሁለቱም አይበጅም። ቀለሙም እንዲሁ ነው። ሃይድሮጅን በ656 ናኖሜትር ቀይ ያበራል፣ ኦክስጅን በ501 ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ። የሰልፈሩን ቀይ፣ የሃይድሮጅኑን አረንጓዴ፣ የኦክስጅኑን ሰማያዊ አድርጎ መመደብ ግን በሃብል ፎቶዎች የታወቀ ምርጫ ነው። ተመልካቹ ያንን እንዲያውቅ ከሥር መጻፍ ክብር ነው።

ፎቶ ጊዜ የለውም፤ ጊዜ የሚሰጠው ሙዚቃው ነው። የኦሪዮን ኔቡላ 1,300 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል፣ መሐሉ ላይ ጋዙን ሁሉ የሚያበሩ ትራፒዝየም የሚባሉ 4 ወጣት ከዋክብት አሉ። ዓይን ወዲያው ወደ እነሱ ይሮጣል። ጥሩ አቀናባሪ ያዘገየዋል። ከጠርዙ፣ አቧራው ብርሃኑን ከሚበላበት ጥግ፣ በታፈኑ ቼሎዎች ይጀምርና ዓይኑን በዝግታ ይመራዋል፤ ኦቦዋ የምትገባው ከዋክብቱ ሲደርሱ ነው። «ጠፈር ነው» ብሎ ትሮምቦንና መዘምራን ከመጀመሪያው ሰከንድ መልቀቅ የተለመደ ነው፣ እኔ ግን አልወደውም። ከ100 ሰዓት በላይ የተሰበሰበ ብርሃን በጩኸት ሲሸፈን ያሳዝናል። በ2022 ማርሴል ድሬክስለር፣ ግዛቪዬ ስትሮትነርና ያን ሴንቲ የተባሉ አማተሮች በአንድሮሜዳ ጎን ማንም ያላየውን የኦክስጅን ቅስት ያገኙት በእንዲህ ያለ ትዕግሥት ነበር። ያን የመሰለ ስስ ነገር የሚችለው ስስ ሙዚቃ ነው።

ለሙዚቃው የመጨረሻ ክፍል ብዙዎች አቀናባሪውን ጉስታቭ ሆልስትን ያስባሉ። በ1918 ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው «ፕላኔቶች» የተባለ ሥራው የሚያበቃው በኔፕቲዩን ነው። ቃል የሌላቸው የሴቶች ድምፆች ከጎን ክፍል ይመጣሉ፤ የክፍሉ በር ቀስ ብሎ ይዘጋል። በምናባዊ ኦርኬስትራ በር የለም፣ ድምፁን መቀነስ ብቻም በር አይሆንም። ግን ቅጂዎቹ ሲሠሩ አንዱ ማይክሮፎን ከተጫዋቹ አጠገብ፣ ሌላው ከአዳራሹ ጥግ ተቀምጦ ነበር። ፎቶው ከኔቡላው ወደ ጨለማው ጠርዝ ሲሸሽ የቅርቡን ማይክሮፎን ቀስ እያሉ ወደ ዜሮ ያወርዱታል። ተጫዋቾቹ ይሄዳሉ፣ የሚቀረው የአዳራሹ ግድግዳ የመለሰው ድምፅ ብቻ ይሆናል።