ዘበኛ የሌለው አንድ በር
የዲጂታል ክፍያ ጥበቃ በየኮምፒዩተሩ እኩል ካልደረሰ ኪሳራው የነጋዴው ነው

በሐዋሳ ከተማ ቡሹሎ የሚሠራ ነጋዴ ዕቃ ተረክቦ ሒሳቡን በሞባይል ስልኩ ወደ አዲስ አበባ ሲያስተላልፍ፣ ገንዘቡን የሚያደርሰው ሰው ሳይሆን ሶፍትዌር ነው። ቴሌብር በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም.፣ ኤምፔሳ ደግሞ በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. አገልግሎት ከጀመሩ ወዲህ ጥሬ ገንዘብ በቦርሳ ይዞ መንገድ የሚወጣው ነጋዴ እየቀነሰ መጥቷል። የሽፍታው ሥጋት ሲቀንስ ግን ሌላ ሥጋት በቦታው ተተክቷል።

ሥጋቱ በወሬ ብቻ የሚነገር አይደለም። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች በሒሳባቸው ከሌለ ገንዘብ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ ማደራቸው ይታወሳል። ባንኩ ችግሩ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን የገለጸ ሲሆን፣ ያለአግባብ የተወሰደው ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደነበር አስታውቋል። ብዙው ገንዘብ በኋላ ቢመለስም፣ አንዲት የሲስተም ስህተት በአንድ ሌሊት ምን ያህል እንደምታስከፍል ለገበያው አሳይቷል።

የሞጆው ኮንቴይነርና የኮምፒዩተሩ ኮንቴይነር

ነጋዴው ኮንቴይነር ሲባል የሚያውቀው በሞጆ ደረቅ ወደብ የሚራገፈውን የብረት ሳጥን ነው። የሶፍትዌር ባለሙያዎችም ስሙን የወሰዱት ከዚያው ነው። አንድ የክፍያ ፕሮግራም ከነሙሉ ዕቃው በአንድ «ሳጥን» ታሽጎ በየትኛውም ኮምፒዩተር ላይ ይጫናል። እነዚህን ሳጥኖች በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ የሚያከፋፍለው በስፋት የታወቀው ሥርዓት ጉግል እ.ኤ.አ. በ2014 ለሕዝብ ይፋ ያደረገው ኩበርኔትስ ነው። ሳጥኖቹን የሚሸከሙት ኮምፒዩተሮች «ኖድ» ይባላሉ፤ ስብስባቸው ደግሞ «ክላስተር» ነው።

ሆኖም የብረቱና የሶፍትዌሩ ሳጥን በአንድ ነገር ይለያያሉ። በአንድ ኖድ ላይ ያሉ ኮንቴይነሮች በአብዛኛው የሚጠቀሙት በአንድ የጋራ ከርነል፣ ማለትም በኮምፒዩተሩ ዋና አንቀሳቃሽ ነው። አንዱን ሳጥን የሰበረ ሌባ በከርነሉ በኩል ወደ ጎረቤቱ ሊሻገር ይችላል። ስለሆነም በር ላይ ዘበኛ ያስፈልጋል። ዘበኛው «ሴኪዩሪቲ ፕሮፋይል» የሚባለው የፈቃድ ዝርዝር ነው፤ ፕሮግራሙ ከርነሉን ምን መጠየቅ እንደሚችልና ምን እንደማይችል ይወስናል። በሊኑክስ ኮምፒዩተሮች የታወቁት ሴክኮምፕና አፕአርመር ናቸው። የዶከር የተለመደው የሴክኮምፕ ዝርዝር ለምሳሌ ከ300 በላይ ከሆኑት የከርነል ጥሪዎች 44 ያህሉን ይዘጋል።

ዝርዝሩ ያልደረሰው ኖድ

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ድርጅቱ ለራሱ ያዘጋጀው ፕሮፋይል በእያንዳንዱ ኖድ ላይ አስቀድሞ መቀመጥ አለበት። ኩበርኔትስ ሥራ ሲያከፋፍል የትኛው ኖድ ፕሮፋይሉ እንዳለውና እንደሌለው አይመለከትም። አሥር መጋዘን ያለው ነጋዴ ለዘጠኙ ዘበኞች ትዕዛዝ ሰጥቶ አሥረኛውን ቢረሳ፣ ጭነቱ አሥረኛው በር ላይ ደርሶ ይቆማል። በክላስተሩም እንዲሁ ነው፤ የታዘዘው ፕሮፋይል በኖዱ ላይ ካልተገኘ ኮንቴይነሩ አይነሳም። ገበያ በደመቀበት ቀን አዲስ ኖድ ተጨምሮ ፕሮፋይሉ ቢረሳ፣ እዚያ የተመደበው የክፍያ አገልግሎት ሥራ አይጀምርም።

ከዚህ የከፋው ጨርሶ ፕሮፋይል አለማዘዝ ነው። እንዲህ ሲሆን የኩበርኔትስ ልማድ ኮንቴይነሩን ያለ ሴክኮምፕ ማስነሳት ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 በሊኑክስ ከርነል ላይ ከኮንቴይነር ማምለጥ የሚያስችል ቀዳዳ ሲገኝ ልዩነቱ በግልጽ ታይቷል። የዶከር የተለመደው ፕሮፋይል ለጥቃቱ የሚያስፈልገውን ጥሪ አስቀድሞ ዘግቶት ነበር፤ ያለ ፕሮፋይል የሚሠሩ የኩበርኔትስ ኮንቴይነሮች ግን ተጋልጠው ተገኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው 1.27 እትም የተለመደውን ፕሮፋይል ለሁሉም ኮንቴይነር የሚያደርግ ማዘዣ ሙሉ ተቀባይነት ቢያገኝም፣ በየኖዱ የሚያበራው ባለሙያው ራሱ ነው።

መፍትሔውና ዋጋው

ፋይሉን በእጅ ከኖድ ወደ ኖድ መቅዳት ለሦስት ኮምፒዩተር ይበቃ ይሆናል፤ ለሠላሳ ግን አይሆንም። የተሻለው መንገድ በእያንዳንዱ ኖድ ላይ፣ አዲስ በሚጨመረውም ጭምር፣ ፕሮፋይሉን የሚያስቀምጥ «ዴመንሴት» መትከል ነው። «ሴኪዩሪቲ ፕሮፋይልስ ኦፕሬተር» የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይህንኑ ይሠራል፤ የፕሮግራሙን ጠባይ መዝግቦም ዝርዝሩን ለማዘጋጀት ይረዳል። ከመጠን በላይ የጠበቀ ዝርዝር ሕጋዊውንም ሥራ ስለሚያግድ፣ መጀመሪያ ሳይከለክል እንዲመዘግብ ብቻ አድርጎ መሞከር ብልህነት ነው።

ፕሮግራሙ ነፃ ቢሆንም የባለሙያው ጊዜ ነፃ አይደለም። በክፍያ ወይም በገበያ ሶፍትዌር ላይ ገንዘቡን የሚያፈስ ባለሀብት ውል ከመፈረሙ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ቢያነሳ ይጠቀማል። ኮንቴይነሮቹ በየትኛው ፕሮፋይል ይሠራሉ? አዲስ ኖድ ሲጨመር ፕሮፋይሉን የሚያደርሰው ሰው ነው ወይስ ሲስተም? ፕሮፋይሉ የጠፋበትን ኖድ ማን፣ በስንት ሰዓት ውስጥ ያውቃል? ሻጩ በቂ መልስ ከሌለው ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ግዢው ውድ ነው።