ስሙ የሱቁ፣ ዘይቱ የማን?

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ ታክሲ ወይም ኡበር የሚነዱ ሁለት ሦስት ሐበሾች ቡና ላይ ከተቀመጡ፣ ወሬው ከአገር ቤት ፖለቲካ ወደ መኪና መዞሩ አይቀርም። ከዚያ ዘይት ይነሳል። አንዱ «ከሞቢል ዋን ሌላ አላስነካትም» ይላል። ሌላው ኮስኮ የሚሸጠውን ኪርክላንድ እየሞላ ዓመታት መንዳቱን ይናገራል። ሦስተኛው፣ ብዙ ጊዜ በዕድሜ ጠና ያለው፣ «ስማኝ ልጄ፣ ርካሽ ዘይት ሞተር ይበላል» ብሎ ወሬውን ይዘጋል። ሦስቱም የሚከራከሩት ጋሎኑ ፊት ላይ ስለተጻፈው ስም ነው።

ውስጡ ያለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ከድፍድፍ ወይም ከጋዝ የሚወጣው መነሻ ዘይት ሲሆን ከ70 እስከ 90 በመቶ የሚሆነውን ይይዛል። ቀሪው ቅመም ነው። ከቅመሙ መካከል አሲድ የሚያመክኑት ካልሲየምና ማግኒዚየም፣ ጥላሸቱ እንዳይረጋ አንጠልጥለው የሚይዙ ውህዶች፣ ብረት ከብረት ሲፋተግ መሐል የሚገባ ዚንክና ፎስፈረስ፣ ዘይቱ ሲግል እንዳይቀጥን የሚያደርግ ፖሊመር፣ አረፋ የሚያጠፋ ጠብታ ሲሊኮን ይገኛሉ።

ይህን ቅመም እያንዳንዱ ፋብሪካ በየጓዳው የሚወቅጠው እንዳይመስላችሁ። የዓለም ገበያ አብዛኛው በአራት ኩባንያዎች እጅ ነው፦ ሉብሪዞል፣ ኢንፊኒየም፣ አፍተን እና ሼቭሮን ኦሮናይት። እነዚህን እንደ ባልትና ቤት ማየት ይቻላል። በርበሬው ተቀምሞ፣ ተፈጭቶ፣ ታሽጎ ይመጣል፤ ወጡን የሚሠራው ሌላ ነው። ኢንፊኒየም ደግሞ የኤክሶንሞቢልና የሼል የጋራ ንብረት ነው። ስለዚህ የሱቅ ዘይት፣ ማለትም እንደ ኪርክላንድ በሱቁ ስም የሚሸጥ፣ የገዛ ሰው ሳያውቀው ከሞቢል ዘመድ ቤት የወጣ በርበሬ እየበላ ሊሆን ይችላል።

ወጡን የሚሠራው ማን ነው? ኮስኮም ሆነ ዋልማርት ዘይት አያነጥሩም። የኪርክላንድን ዘይት የሚቀላቅለውና የሚያሽገው በኔብራስካ ኦማሃ የሚገኘው ዋረን ዲስትሪቢውሽን ነው። መነሻ ዘይቱን ከማጣሪያ፣ ቅመሙን ከባልትና ቤቱ ይገዛና በተሰጠው መጠን ያዋሕዳል። ይህ የሱቅ ዘይት ብቻ ባሕርይ ነው ብሎ የሚያቃልል ካለ፣ ከ1866 ጀምሮ ስሙ የሚታወቀው ቫልቮሊንም ለዓመታት የራሱ ማጣሪያ ሳይኖረው መነሻ ዘይቱንና ቅመሙን እየገዛ የቀላቀለ ኩባንያ መሆኑን ያስታውስ። የዘይት ሥራውን በ2023 የገዛው የሳዑዲው አራምኮ ነው።

ሁሉንም የሚያስተካክላቸው ፈተናው ነው። ጋሎኑ ጀርባ ላይ ዶናት የሚመስል ክብ ምልክት አለ፤ ባለቤቱ የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት፣ በአጭሩ ኤፒአይ ነው። ክቡ አናት ላይ የአገልግሎት ደረጃው፣ መሐሉ ላይ 5ደብሊው-30 የመሰለው የውፍረት ቁጥር ይጻፋል። በግንቦት 2020 የተጀመረውን ኤስፒ የተባለ ደረጃ ለማግኘት ቀመሩ እውነተኛ ሞተር ላይ ይፈተናል። በአንደኛው ፈተና የቶዮታ 1.5 ሊትር ሞተር ለ200 ሰዓት ይሮጥና የተበላው ብረት ይለካል። በሌላው የፎርድ ባለ 2 ሊትር ቱርቦ ሞተር ላይ ነዳጁ ያለጊዜው የሚነድበት አደጋ ይታያል። ትንንሽ ቱርቦ ሞተሮች በዝቅተኛ ፍጥነት ሲጫኑ የሚመጣው ይህ ፍንዳታ ፒስተን ይሰብራል፤ ያባብሰው የነበረው ደግሞ ዘይቱ ውስጥ ያለው ካልሲየም ነው። ባልትና ቤቶቹ የካልሲየሙን ከፊል በማግኒዚየም ተኩ፤ ለውጡም ሞቢልን፣ ካስትሮልን፣ ኪርክላንድን አንድ ላይ አዳረሰ።

ታዲያ ሁሉም አንድ ነው? አይደለም። ኤስፒ የማለፊያ ነጥብ ነው፤ 50 ያመጣም 95 ያመጣም ተማሪ ከክፍል ክፍል ያልፋል። ትልልቆቹ ከማለፊያው በላይ የሚጨምሩት አላቸው። ሼል ለፔንዞይል ውድ ዘይቶች መነሻውን ኳታር ካለው ፐርል ፋብሪካ፣ ከተፈጥሮ ጋዝ ያወጣል። ሞቢል ዋን ከዘይቶቹ አንዱን እስከ 20,000 ማይል ይቆያል ብሎ ይሸጣል። ሜርሴዲስ 229.5 ወይም የቢኤምደብሊው ማረጋገጫ የሚጠይቅ መኪና ያለው ሰው ደግሞ ያንን ቁጥር በብዙ የሱቅ ዘይት ላይ አያገኘውም፤ ለእሱ ክርክሩ እዚህ ያበቃል። ሱቁ ጨረታ ቀይሮ ሌላ አቀላቃይ ሲቀጥር ጋሎኑ ያው ሆኖ ውስጡ ሊለወጥ ይችላል። ለእኔ የሱቅ ዘይት ዋና ድክመት ይህ ነው። እንዲያም ሆኖ በየ5,000 ማይሉ ዘይቱን ለሚቀይር የካምሪ ባለቤት ልዩነቱ የሚታይ አይመስለኝም። በዋስትና በኩልም በ1975 የወጣው የአሜሪካ ሕግ፣ አምራቹ ዘይቱን በነፃ ካልሰጠ በቀር፣ «የእኔን ስም ያለው ዘይት ካልሞላህ ዋስትናህ ይሰረዛል» እንዲል አይፈቅድለትም።

«ሙሉ ሲንተቲክ» የሚለው ቃልም እንደሚመስለው የጠራ አይደለም። በ1990ዎቹ ካስትሮል በቤተ ሙከራ የሚሠራውን ውድ መነሻ ትቶ፣ ድፍድፍን በሃይድሮጅን አጥብቆ በማጣራት ወደሚገኘው ረከስ ያለ ዘይት ዞረ፤ ጋሎኑ ላይ ያለውን «ሲንተቲክ» ግን አልፋቀም። ሞቢል የማስታወቂያ ጉዳዮችን ለሚዳኘው አካል ከሰሰ። በ1999 የተፈረደው ለካስትሮል ነበር። ዛሬ ሱቆች ሙሉ ሲንተቲክ በርካሽ የሚሸጡት ያ በር ስለተከፈተ ነው፤ ከሳሹ ለተፎካካሪዎቹ መንገድ ጠረገላቸው ማለት ነው።

ርካሽ ዘይት ሞተር ይበላል ያሉት ሰውም ባዶ እጃቸውን አይደሉም። በአንዳንድ የሰፈር ማደያ መደርደሪያ ላይ ከሱቅ ዘይቱም በታች የሚሸጥ ጠርሙስ አለ። ዶናቱ የለውም፤ ጀርባው ላይ በደቃቁ «ኤስኤ» ይላል። ቅመም የሌለው ዘይት ማለት ነው። ኤፒአይ ይህ ዘይት ከ1930 በኋላ ለተሠሩ አብዛኞቹ የቤንዚን መኪኖች እንደማይስማማ ይገልጻል። 1930 ተፈሪ መኰንን ዘውድ ጭነው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተባሉበት ዓመት ነው።