ስለ ልብ ወለድ ጸሓፊና ስለ ሥርዓት

ልብ ወለድ ታሪክ የሚጽፍ ሰው በሥርዓት ይመራ ወይስ እንደ ልቡ ይጻፍ የሚለው ጥያቄ በሊቃውንትም በወጣቶችም ዘንድ ዘወትር ይነሣል። አንዳንዶቹ ሥርዓት የሌለው ድርሰት አጥር እንደሌለው አዝመራ ነው ይላሉ፤ ሌሎቹም ልብ የወለደውን ነገር ሕግ ሊገዛው አይገባም ብለው ይመልሳሉ። ሁለቱም ወገኖች ከእውነት ጥቂት ጥቂት ይዘዋልና ነገሩን ለይቶ መመልከት ያስፈልጋል።

መጀመሪያ የቅኔን ትምህርት እናስብ። በቅኔ ቤት ያለፈ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፥ ዘአምላኪየ ሦስት ቤት ነው። ተማሪው አገባቡን ሳያውቅና ልኩን ሳይጠብቅ ቢቆጥር መምህሩ አይቀበለውም። ይህን ያህል የጠበቀ ሥርዓት ባለበት ስፍራ ግን ከልክና ከአገባብ የሚበልጥ አንድ ነገር ይፈለጋል፤ ይኸውም ቅኔው አዲስ እንዲሆን ነው። ልኩን ብቻ ጠብቆ ሌላው የተናገረውን ምሥጢር የሚደግም ሰው ባለቅኔ አይባልም። እንግዲህ አባቶቻችን ሥርዓትን የሠሩት አዲስ ነገር እንዲወለድበት ነው እንጂ እንዲታነቅበት አይደለም።

ስለ ልብ ወለድም የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ ምስክር ይሆነናል። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው «ልብ ወለድ ታሪክ» በፈረንጆች አቆጣጠር በ1908 ዓመት በሮማ ታተመ። ጦቢያ የምትባለው ልጃገረድ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋራ ወንድሟን ፍለጋ የምትወጣበትን ይህን ታሪክ ሲጽፍ ደራሲው በአማርኛ ከፊቱ የሄደ አርአያ አልነበረውም። ቢሆንም ሥርዓት የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ከዚያ ሦስት ዓመት አስቀድሞ፥ በ1905፥ በዚያው በሮማ የአማርኛን ሰዋስው በኢጣልያ ቋንቋ ጽፎ አሳትሞ ነበርና። የቋንቋውን ሕግ ጠንቅቆ ያወቀው ሰው ታሪኩን ግን ማንም ባልሄደበት መንገድ መራው።

ከዚህ የምንረዳው ሥርዓት ሁለት ዓይነት መሆኑን ነው። አንደኛው የቋንቋ ሥርዓት ነው፤ ባለቤቱ ከግሡ ሳይስማማ፥ ማን እንደ ተናገረና መቼ እንደ ሆነ ሳይለይ የተጻፈ ነገር አንባቢውን ያደናግራልና ይህን በከንቱ ማፍረስ አይገባም። ሁለተኛው የአተራረክ ልማድ ነው፤ ታሪክ ከልደት ይጀመር፥ ክፉ ሰው በመጨረሻ ይቀጣ፥ ነገር ሁሉ በአጭሩ ይነገር የሚለው ምክር ነው እንጂ ሕግ አይደለም።

እኔም ይህን የተማርሁት በራሴ ጥፋት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወጣት የድርሰቱን ረቂቅ አመጣልኝ። ታሪኩ በአንዲት ሴት ቀብር ይጀምርና ወደ ሠርጓ ይመለሳል። እኔም ሠርግ ከቀብር ይቀድማልና በተራው አድርገው ብዬ መለስሁለት። ልጁም ታዝዞ አስተካክሎ ቢያመጣው ተራው ያማረ፥ ነፍስ ግን የሌለው ነገር ሆኖ አገኘሁት። በፊተኛው ጽሕፈት መቃብሯን አስቀድሜ አይቼ ስለ ነበረ የሠርጉን ዘፈን ሳነብ ልቤ ይፈራ ነበር፤ በኋለኛው ግን ዘፈኑ ዘፈን ብቻ ሆነ። የፊተኛውን አምጣልኝ ብለው «እርስዎ ስሕተት ነው ስላሉኝ ቀድጄ ጣልሁት» አለኝ።

ስለዚህ ረቂቅ የሚመረምር ሹምም ሆነ የሚያርም መምህር፥ ሥርዓት የፈረሰ በመሰለው ጊዜ፥ ጸሓፊው ሥርዓቱን የተወው ሳያውቅ ነው ወይስ ዐውቆ? በመተዉስ ምን አተረፈ? ብሎ አስቀድሞ ይጠይቅ። ባለማወቅ የሳተውን ማስተማር ይገባል፤ ዐውቆ ለትርፍ የተወውን ግን ከመፍረድ በፊት እስከ መጨረሻው ማንበብ ይገባል። ወጣቶች ደራስያንም ሥርዓቱን አስቀድመው ይማሩ፤ የማያውቁትን ሕግ ማፍረስ ድፍረት እንጂ ጥበብ አይደለምና። የተሳሳተ ጽሕፈት በማናቸውም ጊዜ ይታረማል፤ በእኛ ችኰላ የተቀደደው ግን አይመለስም።