ሙያ በልብ ነው፦ የፔሩ እናቶች ሽመና እንዴት ከመጥፋት ዳነ?



በአገራችን ሸማኔ የሚሠራው ጉድጓድ ቆፍሮ፣ እግሩን ወደ ውስጥ ሰዶ፣ መርገጫውን እየረገጠ ነው። ዕቃውም አንድ ቦታ ተተክሎ ይኖራል። በደቡብ አሜሪካ፣ በፔሩ፣ በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ የኬችዋ ሕዝቦች ግን ሌላ ዘዴ አላቸው። በዚህ ዘዴ በብዛት የሚሸምኑትም ሴቶች ናቸው።

ድሩ በሁለት እንጨቶች መካከል ይወጠራል። አንደኛው እንጨት ከዛፍ ወይም ከካስማ ጋር ይታሰራል፤ ሁለተኛው በሰፊ መቀነት ከሸማኔዋ ወገብ ጋር ይያያዛል። ወደ ኋላ ስትለጠጥ ድሩ ይወጠራል፤ ወደ ፊት ጎንበስ ስትል ይላላል። ማጉን ካሳለፈች በኋላ በጠፍጣፋ እንጨትና በእንስሳ አጥንት ታጠብቀዋለች። ክሩ የበግ ወይም አልፓካ የሚባለው እንስሳ ጠጉር ሲሆን፣ እንደ እኛ እናቶች በእንዝርት ይፈተላል። ቀዩ ቀለም የሚገኘው በበለስ ቁልቋል ላይ ከሚኖሩ ጥቃቅን ተባዮች ነው። ሥራው ባያልቅ እንኳ ተጠቅልሎ ይታዘላል፤ ሌላ ቦታ እንደገና ይወጠራል።

ጥለቱ ግን በወረቀት አይጻፍም። ሸማኔዋ ክሩን እየቆጠረች ከልቧ ታወጣዋለች። ለምሳሌ «ማዩ ቀንቆ» የተባለው ጥለት ጠመዝማዛ ወንዝ ማለት ነው። እንግዲህ አንዲት አሮጊት ሳታስተምር ብትሞት፣ የምታውቀው ጥለት አብሯት ይቀበራል።

ይህ ሙያ ብዙ ፈተና አልፏል። እስፓኞች እ.ኤ.አ. በ1532 አገሩን ወረሩ። ከቱፓክ አማሩ ዓመፅ በኋላም በ1781 የኢንካ ልብስ እንዳይለበስ ከለከሉ። ኋላ ደግሞ የፋብሪካ ክርና ቀለም መጣ፤ ወጣቶችም በወላጆቻቸው ልብስ ማፈር ጀመሩ። ከ1980 ጀምሮ በተነሣው የእርስ በርስ ጦርነት በመቶ ሺሕዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከመንደሩ ተፈናቀለ።

በ1996 በቺንቼሮ የተወለዱት ሸማኔ ኒልዳ ካላኛውፓ ከባልደረቦቻቸው ጋር በኩስኮ ከተማ የባህላዊ ሽመና ማዕከል አቋቋሙ። ማዕከሉ ከ10 መንደሮች ሸማኔዎች ጋር ይሠራል፤ ጨርቃቸውንም ለገበያ ያቀርባል። አረጋውያን ያስተምራሉ፤ ልጆች በጠባብ ጥብጣብ ይጀምራሉ። ሙያው እንጀራ ሲሆን ኀፍረቱ ቀነሰ።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ጨርቅ በሙዚየም መስተዋት ውስጥ ቢቀመጥ ጨርቁ ይቆያል እንጂ ሙያው አይቆይም። ሙያው የሚቆየው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ነው። በእኛም ዘንድ ሸማኔ ይናቅ እንደ ነበር አንርሳ። ቤት ንብረታችንን ትተን ብንመጣም በእናቶቻችን ጣት ላይ ያለው ዕውቀት አብሮን መጥቷል።

ስለዚህ ልጆች፣ ዛሬ ማታ እናታችሁን ወይም አያታችሁን «ፈትል እንዴት ነበር የምትፈትሉት?» ብላችሁ ጠይቁ። የነገሯችሁንም በደብተራችሁ ጻፉ። ወላጆችም «ለዚህ ካምፕ ምን ይጠቅማል?» ሳትሉ አሳዩአቸው። እንዝርት ባይገኝ በባዶ እጅም ቢሆን ይቻላል።