መጀመሪያ ደሟ ይጓዝ

ከጉና ተራራ ወዲያ ማዶ፣ በደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ ሆዷ የሚነፋባት የስልሳ ዓመት እናት አብዛኛውን ጊዜ «ጨጓራ ነው» ትባላለች። ትንሽ ቀምሳ ትጠግባለች፤ ሽንት ቶሎ ቶሎ ይላታል፤ መቀነቷ ያጥርባታል። ጠበሉም፣ የጨጓራ ኪኒኑም ይሞከራል። ሐኪሞች ኦቫሪ የሚሉት የእንቁልጢ ካንሰር ምልክቱ ይኸው ነው፤ ሲደረስበትም በአብዛኛው ሆድ ዕቃ ውስጥ ተበትኖ ነው።

ጤነኛ ሴቶችን በየዓመቱ መርምሮ ቀድሞ መያዝ አይቻልም ወይ? እንግሊዞች ከ200 ሺህ በላይ ሴቶችን ይዘው ሞክረውታል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የመጨረሻ ውጤት በዓመታዊ የደም ምርመራና አልትራሳውንድ ሞቱ እንዳልቀነሰ አሳየ። ስለዚህ ለነፋስ መውጫም ሆነ ለወገዳ የምርመራ ዘመቻ አልመኝም። የምከራከረው ሆዷ ስላበጠባት ሴት፣ ማንና መቼ ቀዶ ሕክምና ያድርግላት ስለሚለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990 ኢያን ጃኮብስና ባልደረቦቹ ለንደን ውስጥ ቀላል ስሌት አወጡ። አልትራሳውንዱ ላይ አምስት ነገር ይታያል፦ ዕጢው ክፍልፋይ መሆኑ፣ ጠጣር ሥጋ መያዙ፣ በሁለቱም ጎን መኖሩ፣ ሆድ ውስጥ ውሃ መቋጠሩና ወደ ሌላ አካል መዛመቱ። ሁለትና ከዚያ በላይ ከተገኘ 3 ነጥብ ይያዛል። የወር አበባዋ ከቆመ ሌላ 3። ሁለቱ ተባዝተው ሲኤ-125 በተባለው የደም ምርመራ ቁጥር ይባዛሉ። ውጤቱ ከ200 ካለፈ ካንሰር ይጠረጠራል፤ ሴትዮዋ በቀጥታ ወደ ማህፀን ካንሰር ቀዶ ሐኪም መላክ ይገባታል።

አሁን እናስላው። የስማዳዋ እናት የወር አበባዋ ቆሟል፤ አልትራሳውንዱ ውሃና ጠጣር ሥጋ አሳይቷል። ሦስት በሦስት ዘጠኝ። የደሟ ቁጥር 23 ብቻ ቢሆን እንኳ 207 ይመጣል! የሲኤ-125 ጤነኛ ጣሪያ ግን 35 ነው። «ደምሽ ደህና ነው» ተብላ የምትመለስ ሴት በዚህ ስሌት አደጋ ውስጥ ናት ማለት ነው። ከባዱን ሥራ የሚሠሩት ዕድሜዋና ለወረዳ ቀረብ ያለው አልትራሳውንድ ናቸው።

ይህ ሳይሰላ «ሲስት ነው» ተብሎ ሆዷ በቅርብ ሆስፒታል ቢከፈትስ? ገና በከረጢቱ ውስጥ የታሰረ ካንሰር በቀዶ ጥገናው ጊዜ ከፈሰሰ ደረጃው ከ1ኤ ወደ 1ሲ ይሻገራል። ከተበተነ ደግሞ ግማሹ ተነሥቶ ግማሹ ይቀርና ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ይከተላል። ቀዶ ሐኪሙን አልወቅስም፤ በእጁ ያለው መረጃ ያን ያህል ነበር።

ሲቲ ስካን የሚመጣው ቀጥሎ ነው። ጥያቄውም ሌላ ነው፦ ዓይን የሚያየው ዕጢ ሁሉ ሊነሣ ይችላል ወይስ አይችልም? እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት እንዳሳየው ሲኤ-125 ከ500 ካለፈ፣ ዕድሜ 60 ከሞላ፣ ዕጢ በትንሹ አንጀት ሥር፣ በጣፊያ ዙሪያ ወይም ከኩላሊት ደም ሥሮች በላይ ባሉ ንፍፊቶች ከታየ ዕጢውን እስከ ጥቃቅን ቅሪት ድረስ የማውጣቱ ዕድል እየጠበበ ይሄዳል። እንዲህ ላለችው ኬሞ ቀድሞ ቀዶ ጥገናው መሃል ላይ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የአውሮፓ ጥናት ቀዶ ጥገና ያስቀደሙትና ኬሞ ያስቀደሙት ሴቶች በሕይወት የቆዩበት ጊዜ ተቀራራቢ መሆኑን፣ ኬሞ ባስቀደሙት ላይ ደግሞ ከቀዶ ጥገና በኋላ የሚከተለው ጉዳት ማነሱን አሳይቷል።

አንድ ወጥመድ አለ፤ በተለይ እኛ አገር ያሰጋል። የሆድ ቲቢም ውሃ ያስቋጥራል፣ ያከሳል፣ ሲኤ-125ንም በመቶዎች ያወጣል። ናሙና ሳይወሰድ ማህፀኗ ሊወጣ የተቃረበችው ሴት በስድስት ወር የቲቢ መድኃኒት ልትድን ትችላለች።

መንገዱስ? የነፋስ መውጫ ሆስፒታል በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነት ተዘርፏል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ የአማራ ክልል መንገድ አንድ ቀን ተከፍቶ አንድ ቀን ይዘጋል። ደብረ ታቦር፣ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ አንዳንዴም ጥቁር አንበሳ ድረስ «ሪፈር» ተይዞ መንከራተት በሬም ያሸጣል። ፎገራ፣ እዚያው ደቡብ ጎንደር ውስጥ፣ የማኅበረሰብ ጤና መድን መጀመሪያ ከተሞከረባቸው ወረዳዎች አንዷ ነበረች፤ በግል ላቦራቶሪ የሚሠራ ምርመራ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከኪስ ነው።

እንግዲህ ደሟ ለምን ቀድሞ አይጓዝም? የኢትዮጵያ ፖስታ የቲቢና የኤችአይቪ ናሙና ሲያመላልስ ቆይቷል። የሲኤ-125 ሴረም በማቀዝቀዣ ለቀናት ይቆያል። ናሙናው ከአልትራሳውንዱ ወረቀትና ከዕድሜዋ ጋር ባሕር ዳር ቢደርስ፣ ወዴትና ለማን እንደምትሄድ ገና ቤቷ ሳለች ይታወቃል። ኬሞ ከጀመረች በኋላም ያው ነው፤ በየሦስት ሳምንቱ ዙር መሃል ደሟ ከስማዳ ይላካል፣ ቁጥሩ እየወረደ መሆኑ ይታያል። ከሦስተኛው ዙር በኋላ ሲቲ ስካኑ ይደገምና ቀዶ ሐኪሙ ቀኑን ይቆርጣል።